የአመዱን ሳህን ማን ይስበር

ሩዪንግ ለሟች ወረቀት የተቃጠለበትን የሸክላ ሳህን ከነአመዱ ከሬሳ ሣጥኑ ሥር ብድግ አድርጋ ወደ በሩ ስትራመድ ሦስተኛ አጎቷ ክንዷን ያዟት።

«አስቀምጪ። ጂያንፔንግ መንገድ ላይ ነው።»

«ተሸካሚዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ቆመዋል፣ አጎቴ። እስከ መቼ እንጠብቀው?»

«እስኪመጣ።»

ሳህኑ ሳይሰበር ሬሳ አይነሳም። የሚሰብረው የሟች ልጅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በመንደሩ ዓይን ልጅ ማለት እሱ ነው። ጂያንፔንግ የሟቹ አባቷ የመምህር ሉዎ የወንድም ልጅ ነው፤ ከተማ ገብቶ የቀረ፣ ለበዓል እንኳ ብቅ የማይል። የአባቷ ግማሽ አካል ከደረቀ ጀምሮ ስፌት ቤቷን ዘግታ አሥራ አንድ ዓመት ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው ሩዪንግ ናት። ታዲያ ይሄም ያከራክራል?

«እርስዎ የአባዬ ተማሪ አልነበሩም እንዴ? ‹ዚ› ማለት ምን ማለት ነው ብለው አስተማሩዎት?»

አጎትየው ፊታቸውን አዞሩ። መንደሩ ሁሉ የሚያውቀው ትምህርት ነው። ዚ በጥንቱ ጽሑፍ ልጅ ማለት ነው፣ ሴትም ትሁን ወንድ፤ አባት ሴት ልጁን ሲድርም ዚውን ዳረ ይባል ነበር። ቃሉ በኋላ የመሳፍንትና የሊቃውንት ማዕረግ ሆነ፤ ልጅ ሲባልም ሴቷ ወጥታ ወንዱ ብቻ ቀረ። «ያስወጣናት እኛ ነን» ይሉ ነበር መምህር ሉዎ፣ ጠመኔያቸውን ወደ ሩዪንግ ቀስረው። ያኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ኩራቷን መደበቅ ያቅታት ነበር።

«ማስተማሩንስ አስተምረውናል» አሉ አጎቷ። ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ከራሴ አላመጣሁትም። አንብቢው።»

«ዚ የለኝም። ሳህኑን የወንድሜ ልጅ ይስበር» ይላል ወረቀቱ።

ጽሕፈቱ የተንጋደደ ነበር። ሩዪንግ አወቀችው። የአባቷን የደረቀ ቀኝ እጅ በየማለዳው በሞቀ ዘይት እያሸች፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያጠፈች፣ ሁለት ዓመት ለፍታ ነበር ብዕር ያስያዘቻቸው።

«መቼ ሰጡዎት?»

«እጃቸው እንደዳነ። መጀመሪያ የጻፉት እሱን ይመስለኛል። እንዳትሰሚ ብለው አስምለውኝ ነበር።»

ሩዪንግ ወረቀቱን መለሰችላቸው።

ጂያንፔንግ እያለከለከ ደረሰ። «የት ጋ ልቁም?» አለ።

ሳህኑን አቀበለችው። መሬት ላይ ፈጠፈጠው፤ አመዱ ቦነነ፣ ሣጥኑም ተነሳ። አሁን የሴት ልጅ ልቅሶ ነው የሚቀረው። ሰዉ ሁሉ ወደ ሩዪንግ ዞረ።

«አልቅሺ እንጂ» አሉ አጎቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው እያየን ነው።»

ነጩን የሐዘን ጨርቅ ከራሷ ፈትታ አጣጠፈችና ጂያንፔንግ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ልጃቸው መጥቶ የለም እንዴ? እሱ ያልቅስላቸው» ብላ ወደ ቤት ገባችና የአባቷን አንሶላ መግፈፍ ጀመረች።