አሥራ አንዱ አዛዦች

ጎረቤቴ እልኸኛ ናት። ላማት ብዬ አይደለም፤ ግድግዳ ተጋርተን ሦስት ዓመት ኖረናል። ሥራዋ የችሎት ድምፅ እየሰማች በጽሑፍ መገልበጥ ነው። ከሁለት ወር በፊት ደረጃ አዳልጧት የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ጀሶው ከተፈታ በኋላ ጣቶቿ ኪቦርድ ላይ እንደ ድሮው ይሮጣሉ፤ ማውስ ስትይዝ ግን እጇ ይንቀጠቀጣል። አለቃዋ ሐሙስ ዕለት የአንድ ሰዓት ድምፅ በአንድ ቀን ገልብጣ ካላስረከበች ሥራውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጠው ቁርጡን ነግሯታል።

ያስቸገሯት መስኮቶቹ ናቸው። ድምፁ በአንዱ፣ ጽሑፉ በሌላው፣ መዝገበ ቃላቱ በሦስተኛው ይከፈታል። አዲስ የተከፈተው ሌላውን ይሸፍናል፤ የምትጽፈው የዳኛው ቃል ሳታስበው መዝገበ ቃላት ውስጥ ይገባል። ያንን ሁሉ በማውስ መግፋት ደግሞ ለእሷ ስቃይ ነው።

ኮምፒውተር ጠጋኝ ወንድሟ ላስተካክልልሽ ብሎ ለመናት። በተበላሸ ቁጥር አንተን ደጅ ልጠና ነው ወይ ብላ መለሰችው። ከዚያ ራሷ ስታነብ ሰነበተች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ እንዳስረዳችኝ ግን መስኮቶቹን የሚደረድር አንድ ፕሮግራም አለ፤ ሌሎች ፕሮግራሞች ከእሱ ጋር መልእክት የሚለዋወጡበትም በር አለው። እሷ የጻፈችው ስክሪፕት የሚሉት የትእዛዝ ጽሑፍ በዚያ በር በኩል ያዳምጣል፤ መስኮት ተከፈተ ወይም ተንቀሳቀሰ ሲባል ይሄን ወደ ግራ፣ ያንን ወደ ቀኝ ብሎ ያዛል።

በጓሮ በር ከዘበኛ ጋር መንሾካሾክ ጀመርሽ አልኳት። ሳቀች፣ ቀና ግን አላለችም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ያጠበብኩላትን ቀሚስ ይዤ ስገባ ፊቷ ተቀያይሯል። መስኮቶቹ ግራ ቀኝ እየዘለሉ ዓይን ያጭበረብራሉ። ጠዋት ድምፁን በቀኝ አድርጋው ነበር፤ ኋላ ሐሳቧን ቀይራ ወደ ግራ አዞረችው። ስክሪፕቱን ባረመች ቁጥር መስኮት ደርዳሪውን ፕሮግራም ቅንብርህን፣ ማለትም ስክሪፕቱን አስነሳ የሚለውን መመሪያህን፣ እንደገና አንብብ ትለዋለች፤ እሱም ይብስበታል። ወንድሟ ደውሎ ነገ እመጣለሁ፣ ተይው አላት። ነገ ሐሙስ ነው ብላ ዘጋችበት።

ጠጋ ብዬ አየሁ። ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። ባልና ሚስት አንድ ኮት ሊያሰፉ መጥተው ያውቃሉ፤ እሱ ይጠር ሲል በመርፌ አያይዛለሁ፣ እሷ ይርዘም ስትል እነቅላለሁ፣ እስኪመሽ እዚያው ነን።

«ስሚ እስቲ፤ እነዚህን የሚያዘው ስንት ነው?»

«አንድ ነዋ፣ ጋሼ። ፋይሉ አንድ ነው።»

«ፋይሉን አልጠየቅኩሽም። አሁን የሚያዙትን ቁጠሪልኝ።»

ልትቆጣኝ ከጀመረች በኋላ ጣቷ ቆመ። የሆነ ነገር ጻፈች፤ ዝርዝር ወጣ። አሥራ አንድ! ቅንብርህን አንብብ ባለችው ቁጥር ፕሮግራሙ ስክሪፕቱን እንደ አዲስ ሲያስነሳላት ውሏል፤ አሮጌውን ግን በቃህ ያለው የለም። የጠዋቶቹ ወደ ቀኝ፣ የከሰዓቶቹ ወደ ግራ እያሉ ይጓተታሉ።

«ለካ ቀኑን ሙሉ ስጣላ የዋልኩት ከራሴ ጋር ነው።»

«አንቺ ዛሬ ሰማሽ እንጂ እኔማ በግድግዳው ስሰማሽ ሦስት ዓመቴ ነው።»

አሥራ አንዱንም አሰናበተቻቸው። ቀጥላም ስክሪፕቱ ሲነሳ መጀመሪያ የቀደመውን ፈልጎ እንዲዘጋ የሚያደርግ ትእዛዝ ከላዩ ጨመረችበት። ሦስት ጊዜ አስነስታ ሦስቴም ቆጠረች፤ አንድ ብቻ ነው። መስኮቶቹ ቦታቸውን ይዘው ጸጥ አሉ።

ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ የኪቦርዷ ድምፅ በግድግዳው ይሰማኝ ነበር። እጇ እንዲያርፍ ትንሽ ታቆማለች፣ እንደገና ትቀጥላለች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጸጥ ሲል አላስችል ብሎኝ ሄድኩ። ሥራውን ልካ አንጓዋን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። ብዙም አልቆየ፤ የአለቃዋ መልስ መጣ። ምስጋና የለ፣ ጎበዝ የለ፤ የሚገለበጡ ሁለት አዳዲስ የድምፅ ቅጂዎች ብቻ።

እጇን አደራርቃ የመጀመሪያውን ከፈተችው። ድምፁ በግራ፣ ጽሑፉ በቀኝ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ በሩን ይዝጉልኝ፤ ዳኛው መናገር ጀምረዋል» አለችኝ።