የወንድሜ ተናዳፊዎች

ደግሞ ከፍ አድርገሽ ነው ያለኝ ወንድሜ፣ ከፍ አድርገሽ አፍስሺው፣ አየር ይዞ ይግባ፣ እንዳይታፈኑ፣ እኔ ብታፈን ማን ጆግ ይዞ ይቆምልኛል፣ ማንም፣ መብራቱ ሄዶ ፓምፑ ከቆመ ጀምሮ በገዛ ሳሎኔ ወንበር ላይ ወጥቼ ከዓሣ ገንዳው ውሃ እቀዳለሁ፣ እዚያው ገንዳ ውስጥ መልሼ እደፋለሁ፣ እቀዳለሁ፣ እደፋለሁ፣ ሰው በመስኮት ቢያየኝ ለየላት ይላል፣ ይበላ። ሰኞ ነው። ፀጉር ቤቱ የሚዘጋበት ቀን፣ ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ የሰው ፀጉር ስጠቀልል ከርሜ እግሬን ሰቅዬ የምውልበት ቀን፣ ይኸው ሰቅያለሁ፣ ወንበር ላይ።

አጅሬ የለም። ታናሽ ወንድሜ፣ የሂሳብ መምህሩ፣ ለልጆች ማካፈል የሚያስተምረው ሰውዬ የራሱን ቤት ለሁለት አካፍሎ እኔ ላይ መጣ፣ ሚስቱ ታማ ሐኪም ቤት ስትተኛ እሱ ቤት ቁጭ ብሎ የውሃውን ጨው ሲለካ ነበር፣ ወይ እኔ ወይ ገንዳው ብትለው ዝም አለ፣ ዝም አለ እኮ፣ እሷም ከነገንዳው አስወጣችው፣ ለጥቂት ቀን ነው እታለም ብሎ በሰው አሸክሞ ከች፣ በሬን ነቅለው መልሰው ገጠሙ፣ ሶፋዬን ኮሪደር ላይ ጣሉት፣ እስከ ዛሬ እዚያው ነው፣ መኝታ ቤቴ ለመግባት እንደ ሌባ በጎኔ ነው የማልፈው። ለእማዬ ደውዬ ብነግራት፣ አደራ እንዳትጫኚው፣ እሱ ሆደ ቡቡ ነው አለችኝ። ሆደ ቡቡ። የኔ ሆድ ከምን ተሠርቶ ነው እማዬ፣ ከሲሚንቶ?

እቀዳለሁ። ኮራል ይላቸዋል፣ ድንጋይ ላይ የበቀለ አበባ መስለውኝ ነበር፣ እንስሳት ናቸው እታለም አለኝ፣ እንስሳ ከሆኑ ታዲያ ፊታቸው የታለ፣ ቆሜ እንኳ የምሰድበው ፊት የላቸውም፣ ያ ረጃጅም ጣት ያለው፣ ጫፉ ቢጫ ቢጫ የሚለው፣ ችቦ ነው ስሙ፣ አጠገቡ ያለው መዶሻ፣ ችቦው ሲመሽ ቀጫጭን ክሮች እየላከ ጎረቤቱን ያቃጥላል፣ አንድ ትንሽ ሮዝ ነገር ነበረች ከጎኑ፣ ነጭ አጥንት አድርጎ አስቀራት፣ ገዳይ አስቀምጠሃል እኮ አልኩት፣ መምህሩ መነጽሩን አስተካክሎ፣ እነዚህ ፍጡራን በተፈጥሯቸው ጠበኞች አይደሉም፣ የይዞታቸውን ወሰን ነው የሚያስከብሩት፣ አለ። የኔን ወሰንስ ማን ያስከብር፣ ሶፋዬ ኮሪደር ላይ።

እደፋለሁ። ቀስ፣ ክንዴን እንዳያገኘው። አንዴ አግኝቶኛል፣ ያን ችቦ አንዴ ያዥልኝ ድንጋዩን ላስተካክል ብሎ፣ ጓንት የለም ወይ ስለው፣ ምንም አያደርግም፣ እኔን መች ነክቶኝ ያውቃል አለ፣ የሱ ቆዳ የዝሆን ነው፣ የኔ ግን ሳማ እንደነካው ተለበለበ፣ ጠዋት ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ ውሃ ቋጥሮ ተነሣ፣ ያንን ይዤ ሥራ ገባሁ፣ ዳኛዋ መጣች፣ ሁሌ ከኔ በቀር ራሷን የማታስነካው ደንበኛዬ፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ላስገባት እጄን ስዘረጋ አየችው፣ ጨዋ ናት፣ በመስታወት ውስጥ ፈገግ ብላ፣ ዛሬ አንቺ እረፊ፣ ያቺ ልጅ ትጨርስልኝ አለች። ሁሉም ሰማ። የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኑን እየሰበሰብኩ ሽንት ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ… ተወው። ማታ ስነግረው ምን አለ፣ ያለ ነገር አይነድፍሽም፣ ተጭነሽው ይሆናል።

ተጭነሽው ይሆናል! እኔ ነኝ አጥቂዋ!

በቃ። ወረድኩ። ጆጉን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ኮሪደር ሶፋዬ ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ ይሙቱ፣ መብራት ኃይል ገደላቸው ይባላል፣ እኔ ምን አገባኝ፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ያ ሌሊትና ቀን የሚያጉረመርም ፓምፕ የለም፣ ሰላም፣ እንዲህ ነበር ቤቴ፣ እንዲህ ነበር እንዴ፣ ብርቱካናማዎቹ ሁለት ዓሣዎች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ፣ ከዚህ ይታየኛል፣ አትዩኝ፣ ምን ታዩኛላችሁ፣ ወይ ጣጣ፣ ተነሣሁ፣ ለናንተ ብዬ አይደለም፣ ነገ ሆን ብላ ገደለቻቸው እንዳይለኝ ነው፣ እማዬ ጋ ደውሎ እንዳያለቅስ፣ እቀዳለሁ፣ ከፍ አደርጋለሁ፣ እ! ነካኝ። አንተ ርጉም! ክርኔ ላይ፣ እሳት፣ አየር ላብላህ ስል፣ ውለታህ ይኼ ነው፣ እደፋለሁ፣ እንካ፣ ተንፍስ፣ እንካ።

ስልኩ። መስኮቱ ደፍ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ በእርጥብ ጣቴ እነካዋለሁ፣ በስፒከር ድምፁ ይጮሃል፣ እሱ ነው። እንዴት ናቸው አይልም። እታለም፣ ታረቅን ይላል፣ ልጅ ሆኖ አንደኛ ወጣሁ ሲል እንዲህ ነበር የሚያደርገው፣ ትንፋሹ ቃሉን ይቀድመዋል። እሰይ እላለሁ፣ ከልቤ ነው፣ በአንድ እጄ እየደፋሁ፣ እሰይ፣ መቼ ትመለሳለህ ቤትህ፣ ዛሬውኑ እዚሁ አድራለሁ ይላል፣ ነገ ልብሴን ልወስድ እመጣለሁ፣ ገንዳውንስ ስለው ድምፁ ይወርዳል፣ ከጀርባው ሚስቱ ሳህን ስታጥብ ይሰማኛል፣ እሱማ… እሷ እዚህ ቤት አይገባም ብላለች፣ ስለዚህ አንቺው ዘንድ ይቆይ፣ የኔ ስጦታ በይው፣ ደግሞ ለምደሻቸዋል።

ለምደሻቸዋል።

ሞተዋል፣ አልኩት።

እንዴት ከአፌ ወጣ፣ አላውቅም፣ ችቦው ፊት ለፊቴ ጣቱን እያወዛወዘ፣ ሞተዋል፣ ሁሉም፣ መብራት ጠፍቶ። የሳህኑ ድምፅ ቆመ። አልቅስ አልኩ በሆዴ፣ አልቅስ፣ አንዴ እንኳ የኔ ነገር ያቃጥልህ፣ እጠብቃለሁ፣ ጆጉ አየር ላይ ቀርቷል፣ ከዚያ ትንፋሹ መጣ፣ ረጅም፣ ከሆዱ የወጣ፣ እፎ…ይ። እፎይ አለ! እታለም፣ እንዴት ልበልሽ፣ ተገላገልኩ፣ ስንት ቀን በራሴ እጅ ነቅዬ ልጥላቸው ተነሥቼ ልቤ አልጨክን አለኝ መሰለሽ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ ሁሌም እኔ የማልችለውን ታደርጊልኛለሽ። አመሰገነኝ። ውሃውን ሽንት ቤት ድፊው፣ ድንጋዩን ጣይው፣ ደግሞ ባዶ እጅሽን እንዳትነኪው፣ ጓንት አድርጊ እሺ፣ የሞተውም ይናደፋል።

ጓንት። ለሞተው ጓንት ታየው!

ዘጋሁት። እሱ አሁን እራት ሊቀርብለት ነው፣ ቀሎታል፣ ሚስቱ እንኳን ተገላገልክ ትለዋለች፣ ይሳሳቃሉ፣ እና ይኼ ሁሉ፣ ይኼ ሁሉ የኔ ክንድ፣ ዳኛዋ በመስታወት፣ ሰኞዬ፣ ለማን ነበር፣ ለአንድ እፎይታ ነው? አይሆንም። እፎይ የሚባለው እኔ ስል ነው። ቀና ብዬ አያቸዋለሁ፣ ችቦው ያው ነው፣ ፊት የለው፣ ይቅርታ የለው፣ አይወደኝም፣ አልወደውም፣ ተመስገን፣ ቢያንስ አንተ ሆደ ቡቡ ነኝ አላልክም፣ ሆድም ያለህ አልመሰለኝ፣ ነገ ጓንት እገዛለሁ፣ እስከ ትከሻ የሚደርሰውን፣ ፀጉር ቤት ቀለም የምንቀባበት አይነት ሳይሆን ወፍራሙን፣ ያንን መዶሻ ደግሞ ካንተ ራቅ አደርገዋለሁ፣ እዚህ ቤት ወሰን የማሰምረው እኔ ነኝ።

ይመጣል ነገ። ልብሱን በፌስታል አድርጌ ደረጃው ላይ አስቀምጥለታለሁ። ያንኳኳል፣ እታለም ክፈቺልኝ፣ ባዶውን ገንዳ አንዴ ልየው ይላል፣ ያኔም ሆዱ ይባባል፣ ፓምፑ ሲያጉረመርም ከሰማ ይስማ፣ በሩን አልከፍትም፣ ሐዘን ላይ ነኝ እለዋለሁ፣ ሰው አልቀበልም፣ ሂድ።

መብራቱ አልመጣም። ቀኝ ክንዴ ዝሏል፣ ጆጉን ወደ ግራ አዛውራለሁ፣ እጅጌዬን በጥርሴ እሰበስባለሁ፣ እቀዳለሁ፣ ከፍ አደርጋለሁ፣