የግራ ትከሻ

ሄይላላን ያመማት ግራ ትከሻዋን ነበር። ከዛፍ ልጥ የሚሠራውን ጨርቅ የምትቀጠቅጠው ደግሞ በቀኝ እጇ ነው። ላቪኒያ ይህን ያስተዋለችው ልጇ ከተቀበረች በኋላ፣ ለቀስተኛ መሃል ተቀምጣ የራሷን እጆች ስታይ ነው።

ሄይላላ በሞተችበት ማለዳ ላቪኒያ ድካም ነው ብላ ትከሻዋን በኮኮናት ዘይት አሽታት ነበር። የሄይላላ ወንድም ሰሚሲ አጠገባቸው ቁርስ ይበላ ነበር። በቶንጋ እህት በወንድሟ ፊት ስለ ሆዷና ስለ ደሟ አታወራም፤ ትከሻ ግን ነውር የለበትም። ላቪኒያ የልጇ ፊት መገርጣቱን አይታ ስትጨነቅ ሄይላላ ሳቀች።

«እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ በምን ልትገድይኝ ነው?»

ከቀትር በፊት ወደቀች። ፅንሱ ማህፀን ሳይደርስ የማህፀን ቱቦ ውስጥ አድጎ፣ ቱቦው ፈንድቶ፣ ሆዷ በደም ተሞልቶ ነበር። ደሙ ከሳንባ በታች ሲጠራቀም ሕመሙ ትከሻ ላይ እንደሚሰማ ሐኪሙ የነገራት ዘግይቶ ነው።

አሁን መንደሩ ለሐዘኑ ሲል የልጥ መቀጥቀጫውን አሳርፏል። እናቷ የሞተችባት የላቪኒያ እህት ልጅ ኦፋ የጎደሬ ሰሃን ይዛ ገባች፤ ካገባች ገና ጥቂት ወራት ነው። ሰሃኑን አስቀምጣ ትከሻዋን ያዘች። ድስት ተሸክሜ ነው አለች። ከንፈሯ ነጭ ነበር።

የላቪኒያ ባል እህት፣ በአገሩ ልማድ ልቅሶውን የሚያዙት ሴኒ፣ ዘይት ተቀብታ ትተኛ አሉ። ላቪኒያ ደንግጣ ስትነሳም ተቆጧት። «አንቺ እንደሆነ ሰው ሁሉ የሚሞት ነው የሚመስልሽ።»

የኦፋ ዓይን በር ላይ ወደ ተቀመጠው ሰሚሲ ሄዶ ተሰበረ። በቶንጋ የአክስት ልጅም ወንድም ነው፤ በፊቱ አይወራም።

«ሰሚሲ፣ ውጣና መኪናውን አስነሳ» አለች ላቪኒያ።

ከዚያ ኦፋን በጆሮዋ ጠየቀቻት። የወር አበባዋ ቀርቶ ነበር፤ ሰሞኑን ደም ጠብ ጠብ ይላል፤ ከእምብርቷ በታች በአንድ ጎን ይወጋታል።

ሴኒ ከልቅሶ ቤት ያለ እኔ ፈቃድ ማን ይወጣል ብለው ጀመሩ።

«እትዬ ሴኒ፣ ነገ ይቆጡኝ። አሁን እግሯን ይያዙልኝ።»

ሴኒ ያዙ።

ሆስፒታል በር ላይ ላቪኒያ ለነርሷ ሁሉንም ሳትንተባተብ ተናገረች። የኦፋ ሽንት ተመረመረ፤ ሆዷ በአልትራሳውንድ ታየ፤ ደም ተሰጥቷት ቀዶ ሕክምና ገባች። የፈነዳው ቱቦ ወጣ፤ ሌላው ደህና ነው ተባለ። ኦፋ ነቅታ ውሃ ጠየቀች።

ሲመለሱ ሰሚሲ መሪውን እንደያዘ፣ «እኔ ያን ጠዋት ባልኖር ሄይላላ ትነግርሽ ነበር?» አለ።

«እሱን አላውቅም። ከእንግዲህ ግን እኔ ልጠይቅ ስል አንተ ትወጣለህ።»

«እሺ እማዬ።»

ሲመሽ ለቀስተኛው ተበተነ። የሄይላላ ባል በቅርቡ አውስትራሊያ ፍሬ ለቀማ ከሄደ ወዲህ እሷ እዚህ እናቷ ቤት ነበረች፤ ድሮም ሆነ አሁን ከመዘምራን ልምምድ አምሽታ ስለምትገባ በሩ ተቆልፎ አያውቅም። ቁልፉ ዝጎ አልዞር አለ። ላቪኒያ የኮኮናቱን ዘይት ጠርሙስ አነሳች፤ የቀረውን ጠብታ ቁልፉ ላይ አፍስሳ በአውራ ጣቷ አሸችው።

ቀስ ብላ አዞረችው፤ በሩ ተቆለፈ።