ቀዳዳ የሌለው ቁልፍ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ እስፒል» ይላቸዋል። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ካለ መታወቂያቸው ብቻ ነው። በጥርስና በጉንጫቸው መሃል እስፒል ሳይደረድሩ ልብስ ለክተው አያውቁም። አፋቸው እስፒል እንደሞላ ደንበኛ ያስቃሉ፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ሲመቻቸውም ሰው ያማሉ። ያን ጉምጉምታ በቅጡ የሚሰማው ሰው የለም፤ አጠገባቸው ተቀምጣ ቁልፍ ከምትተክለው ሴት በቀር። ሙያውን ከልጅነቷ ጀምሮ ከሳቸው ስለተማረች፣ ለሷ ጉምጉምታቸው የጠራ ንግግር ነው።

ጋሼ እስፒል ሳል አልለቃቸው ብሎ፣ የራሳቸውን ሱሪ አራት ጊዜ ካጠበቡ በኋላ፣ በግድ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ቲቢ ነው ተባሉ። ሲስተሯ «መድኃኒቱን ሲውጡ በየቀኑ የሚያይዎት ሰው ይምረጡ» አለቻቸው። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውም ሩቅ ናቸው። «እቺው አለችልኝ አይደል» ብለው ቁልፍ ሰፊዋን ይዘዋት ሄዱ። እሷም ተመርምራ ደህና ሆና ከተገኘች በኋላ፣ ሲስተሯ ጠጋ ብላ አስጠነቀቀቻት።

«ስድስት ወር ነው። ጣጣው የሚመጣው ሲሻላቸው ነው። ያኔ ካቋረጡ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል። ሁለተኛውን ማዳን መከራ ነው፤ ላይድኑም ይችላሉ።»

ቁልፍ ሰፊዋ ነገሩን የምሯን ያዘችው። ጠዋት የልብስ ስፌት ቤቱን መስኮት ከፍታ፣ የስፌት መኪናዎቹን ሳትገልጥ፣ መጀመሪያ ውኃና ክኒን ታቀርባለች። ጋሼ እስፒል አናታቸውን ወደ ኋላ ወርወር፣ ጉሮሯቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጉና «ኤጭ!» ይላሉ። በቃ፣ ሥራ ይጀመራል።

ብዙም ሳይቆይ ሳሉ ጠፋ። የጠበበው ሱሪ ተመልሶ ሰፋ። ጋሼ እስፒል ደረጃውን እያፏጩ መውጣት ጀመሩ።

«አሁንማ ድኛለሁ እኮ!»

«ታሞ የተነሳ ፈጣሪውን ረሳ አሉ» ትላቸዋለች። «ይዋጡ!»

ይውጣሉ። ወዲያው ጉምጉም እያሉ ስለ ጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪ ወሬ ይጀምሩላታል፤ እሷም እየሳቀች ትሰማለች።

አንድ ቀን ጋሼ እስፒል ክር ሊገዙ እንደወጡ፣ አንዲት አስተማሪ ቁልፍ የወደቀበት ቡናማ ካፖርት ይዛ መጣች። ቁልፍ ሰፊዋ የቡናማ ቁልፎቹን ቆርቆሮ ስታምስ ልኩን አገኘች። ቦታው ላይ አስቀምጣ መርፌዋን ብትሰድ አልገባ አለ። ገፋ ብታደርገው አንሸራቶ ጣቷን ወጋት። «ምን ዓይነት ቀዳዳ የሌለው ቁልፍ ነው ይሄ?» ብላ ወደ መስኮቱ ብታስጠጋው፣ ጣቶቿ መሃል ፍርፍር አለ።

«ቁልፍ ሲፈረፈር ዛሬ ገና አየሁ» አለች አስተማሪዋ።

ቁልፍ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ከእውነተኞቹ ቁልፎች መሃል የዚያው ዓይነት ክኒን እፍኝ ሙሉ ወጣ። ያን ጊዜ ነው ጉምጉምታው ትዝ ያላት። ጠዋት ጠዋት የሚለካ ልብስ ሳይኖር እስፒል አፋቸው ውስጥ ምን ይሠራል? ሌላ ሰው ቢሆን ገና በመጀመሪያው ቀን «አፍዎ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የሷ ጆሮ ግን ለምዶታል። ለካ ክኒኑ ጉንጫቸው ውስጥ ቆይቶ ወደ ቆርቆሮው ይሄድ ኖሯል። አስተማሪዋን ይቅርታ ጠይቃ፣ ቁልፉን ሳትተክልላት ሸኘቻት።

ጋሼ እስፒል እያፏጩ ገቡ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ክኒንዎን ውጠዋል?»

«ዓይንሽ እያየ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

መዳፏን ዘረጋችላቸው። «ታዲያ ይሄ የየትኛው ልብስ ቁልፍ ነው?»

ጋሼ እስፒል ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ። «ልጄ፣ ድኛለሁ እኮ» አሉ። «ይኸው ሆዴን እይው። ደህና ሰው በክኒን ምን ያሰቃየዋል?»

ልትቆጣ ነበር ያሰበችው፤ እንባዋ ቀደማት። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ። እኔ ቀብሬዎት ማመን አልፈልግም! ገና ኮሌታ መቁረጥ እንኳን አላስተማሩኝም!»

እውነቷን ነው። ኮሌታውን «ለከርሞ፣ ለከርሞ» እያሉ ዓመታት አሳልፈዋል። ጋሼ እስፒል ደነገጡ። እቺ ልጅ መርፌ ጣቷን ሲበሳት ትሳደባለች እንጂ አታለቅስም። ቆርቆሮውን ብብታቸው ስር አደረጉና «ተነሺ፣ ሲስተሯ ጋ እንሂድ» አሉ።

ሲስተሯ አልተቆጣችም። አክታቸው ተመረመረ፤ ደግነቱ ሳይብስ ተደርሶበታል። «የጎደለው ይሞላል። ከነገ ጀምሮ ግን ከዋጡ በኋላ አፍ ይከፈታል፣ ምላስ ይነሳል» አለች። ቁልፍ ሰፊዋ ደግሞ የራሷን ሕግ ጨመረች፦ ግራና ቀኝ ጉንጫቸውን ሳታይ መቀሱን አትሰጥም። በማለዳ የመጣ ደንበኛ ጥርስ ሐኪም ቤት የገባ እየመሰለው ደጁን እንደገና ያያል። ጋሼ እስፒል ያጉረመርማሉ፣ ይራገማሉ፣ ግን ይውጣሉ።

ወራቱ አለፉ። መድኃኒቱ ያለቀ ዕለት ሲስተሯ የመጨረሻውን ውጤት አይታ «ምንም የለም፤ ጨርሰዋል» አለቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ እስፒል ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። የቀረበላቸውን ውኃ ጠጡ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ምላሳቸውን አነሱ። ቁልፍ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች።

«ምንም የለም» አለች።

ከዚያ ሁለቱም እኩል ትዝ አላቸው። ክኒንም አልነበረም እኮ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እሷ ዓይኗን እየጠረገች መቀሱን ዘረጋችላቸው።

ጋሼ እስፒል አልተቀበሏትም። አዲስ ነጭ ጨርቅ ፊቷ አነጠፉና፣ አፋቸው ላይ አንዲት እስፒል ሳይኖር፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ያዢው፣ አንቺው ጋ ይሁን» አሉ። «ዛሬ ኮሌታ ነው የምንቆርጠው።»