በከንፈር የተያዘ ስፒል

ልጄ ካፏ ቃል ከወጣ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ከረሜላ ገዛሁላት፤ ወይ ፍንክች! እኔስ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተቀደደ ሁሉ መጠገን የምችል ይመስለኝ ነበር።

አስተማሪዋ ጉዱን ነግራኛለች። ልጄ ያለቻትን አንድ ጓደኛ በክፍሉ ልጆች ፊት «አባትሽ ጥሏችሁ የሄደው አንቺን ጠልቶ ነው» ብላታለች። በስምንት ዓመቷ! ከየት አመጣችው እንዳልል፣ ከኔው ነው። ለጎረቤት ሳወራ ሰምታኛለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ ጓደኛዋ አልቅሳ፣ ቦታዋን ቀይራ ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ዛሬ ከሰዓት የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ጫፍ ልለካ ተንበርክኬ፣ እንደ ልማዴ ሦስት ስፒል በከንፈሬ ይዣለሁ። አራተኛውን ስፈልግ መያዣው ባዶ ነው። ዞር አልኩ። ልጄ ከጨርቁ ጥቅል ኋላ ቁጭ ብላለች፤ በተገጠመው ከንፈሯ መሀል የስፒል ራሶች ተደርድረዋል።

ብጮህ ትደነግጣለች፤ ከደነገጠች ትውጠዋለች።

ያኔ ትዝ አለኝ። ባለፈው «ለምን አፍሽ ውስጥ ታደርጊዋለሽ?» ስትለኝ፣ ነገረኛ ደንበኛ ሸኝቼ ስለነበር «ክፉ ነገር እንዳያመልጠኝ» ብዬ ቀልጄባት ነበር። አፌን በቆረጠው!

በእንብርክኬ ሄድኩ። የራሴን ስፒሎች አንድ በአንድ አውጥቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«የኔ እናት፣ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። «ስፒል ክፉ ነገር አያስቀርም። ስለ ጓደኛሽ አባት ያንን ነገር መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ። አፍሬያለሁ። አሁን ደግሞ በጣም ፈርቻለሁ።»

«ኧረ ሴትዮ፣ መሸብኝ!» አለች ደንበኛዋ ከመስታወቱ ፊት።

መዳፌን ወደ ልጄ ዘረጋሁ። ልጄ እጄን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንድ ጣለችበት። ሌላ። ሌላ። ሰባት ነበሩ።

«ባወራና ጓደኛዬን ደግሞ ባስለቅሳትስ?» አለች። ድምጿ ሻክሯል።

«እኔም እሱን ነው የምፈራው» አልኳት። «ነይ እንሂድ። መጀመሪያ እኔ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ እናቷንም።»

ደንበኛዋን የቀሚሷ ግማሽ ጫፍ እንደተንጠለጠለ ትተናት ወጣን። ከኋላችን ስትሳደብ ይሰማኛል።

የጓደኛዋ ቤት በር ላይ ስንደርስ ልጄ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«እስቲ አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈትኩላት። በእግሯ ጣቶች ቆማ ውስጡን በደንብ አየች። ከዚያ በሩን አንኳኳች።