ሁለተኛዋ ድመት

ሎቪ ፕሩት የመጀመሪያዋን ድመት የቆረጠች ቀን ሽታው ከኮሌጁ ተነሥቶ ወንዙን ተሻገረ ይባላል። ማዶ ያሉ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ጥለው ሮጡ፤ ዓሣዎቹም ተከተሏቸው። እኔ አልነበርኩም፤ ያየው ሰው ከነገረው ሰው ነው የሰማሁት።

ያልተጋነነው ደግሞ ይኼ ነው፦ የከተማችን ኮሌጅ የአካል ክፍሎችን ለሚያጠኑ የአናቶሚ ተማሪዎች፣ እንዳትበሰብስ ፎርማሊን የጠጣች የሞተች ድመት ለሁለት ለሁለት ያድላል። ሎቪ ቢላዋውን ያዘች፤ ጓደኛዋ ቨርኔል አፍንጫዋን።

«አንቺዬ፣ ይህን ነገር ከነካሁ ዛሬውኑ ከጌታ ጋር እገናኛለሁ።»

«በጨፈነ ዓይን ኩላሊት አይታይም! ጭራዋን እንኳ ያዥ።»

«ጭራ ለፈተና አይመጣም።»

ሎቪ ቆራርጣ አሳየቻት፣ ቤቷ ወስዳም አስጠናቻት። ሎቪ በኤ፣ ቨርኔል በሲ አለፉ። ከዚያ ኑሮ መጣና ሁለቱንም ወደ አረጋውያን መጦሪያው ነዳቸው፤ ሽማግሌ ሲያገላብጡ ዓመታት ነጎዱ። ቃላቸው ግን አልተለወጠም፦ የነርስ ትምህርት ቤት የሚያመለክቱት አብረው ነው።

ባለፈው ነሐሴ ትምህርት ቤቱ አመልካቾችን ለገለጻ ጠራ። ዕለቱ የሁለቱም የሥራ ቀን ሆነ።

«እኔ ልሂድና ልንገርሽ» አለች ቨርኔል። «እዚያ ሰው መስዬ እንድታይ ግን ያቺን ባርኔጣሽን አውሺኝ።»

ባርኔጣዋ የሎቪ የፋሲካ ባርኔጣ ናት፤ ወይን ጠጅ፣ በላባ የተሞላች፣ ለሦስት ምእመናን ጥላ የምትበቃ። ሎቪ ባርኔጣዋን አውሳ የቨርኔልን ሽማግሌዎች በራሷ ላይ ደርባ ዋለች። ከእነሱ አንዱ፣ ሲገለበጥ አልጋው የሚያለቅስለት ሚስተር ሆሊስ፣ ጠየቃት።

«ያቺ ቀልማዳ የት ሄደች?»

«ለሁለታችን ልትሰማ።»

«ጆሮ ለሰው አይታመንም፣ ልጄ።»

ማታ ቨርኔል ባርኔጣዋን መለሰች።

«ምን አሉ?»

«ያው የድሮውን ነዋ! ቡናቸውም ውኃ ነው። ይልቅ ስሚኝ ሎቪዬ፣ የኬሚስትሪ ውጤቴ ያሳፍራል። ደግሜ ልውሰደውና በጸደይ እናመልክት። ጥለሽኝ እንዳትሄጂ።»

ሎቪ ጠበቀች።

ገና ካለፈ በኋላ በአንድ እሑድ ፓስተሩ እንደ ልማዳቸው ትምህርት ቤት የገባ ሰው አስነሡ። «እህት ቨርኔል፣ ተነሺ! ነርስ ልትሆንልን ነው!» ቤተ ክርስቲያኑ በእልልታ ተናጋ። ሎቪ ነገሩ ሳይገባት እጇ ቀድሟት ሲያጨበጭብ ነበር።

ከስብከት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ የምሳ ማዕድ ላይ ቨርኔልን ከተጠበሰው ዶሮ አጠገብ አገኘቻት።

«መቼ አመለከትሽ?»

«ሎቪዬ፣ እዚህ ሰው ፊት…»

«መቼ?»

«በጥቅምት።» ቨርኔል ሳህኗን አየች። «ወንበሩ ጥቂት ነው። አብረን ብናመለክት ባለ ኤዋን ትተው እኔን ይወስዱ ነበር?»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ሎቪ ግን አንድ ተስፋ ቀርቷታል፦ ጸደይ። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሄደች። የምዝገባዋ ሴትዮ ውጤቷን አይታ ከንፈሯን መጠጠች።

«ጎበዝ ነበርሽ። ግን የሳይንስ ክሬዲት አምስት ዓመት ካለፈው አንቀበልም። ያንቺ በታኅሣሥ አለፈ። አናቶሚን እንደገና መውሰድ አለብሽ።»

«ማን ነገረኝ?»

«በገለጻው ላይ ተናግረናል። እንዲያውም አንዲት ሴት ይህንኑ እየደጋገመች ስትጠይቀን ነበር። ከኋላዋ የተቀመጠውን ሁሉ የጋረደች፣ ባለ ወይን ጠጅ ባርኔጣ።»

ሎቪ አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። ቤቷ ስትደርስ ባርኔጣዋን ለጎረቤት ዶሮዎች ሰጠች፤ እስከ ዛሬ ጫጩት የሚፈለፍሉት እዚያ ውስጥ ነው።

ከዚያ አናቶሚ ተመዘገበች። አዲሱ አጣማሪዋ ክሊተስ የሚባል፣ ጭነት መኪና መንዳት የሰለቸው ግዙፍ ሰው ነው። የድመቷ ከረጢት ሲከፈት አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ አለ።

«ሚስ ሎቪ፣ አንቺ ቁረጪ፣ እኔ እጽፋለሁ። ስናልፍም አብረን እናመለክታለን።»

ሎቪ ሁለተኛውን ቢላዋ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «አንተም ትቆርጣለህ። ማመልከቻዬን ግን ለብቻዬ ነው የማስገባው።»

«እሺ፣ እሺ! ስምስ አናወጣላትም?»

«ቨርኔል ነው ስሟ።»

መምህሩ ከሆድ ጀምሩ ብሎ ነበር። ሎቪ ከምላስ ጀመረች።