ፍሬን ቁጭ ማለት የተማረ ሰሞን

የውሻው ስም ፍሬን ነው። ስሙን ያወጡለት አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው። ቡችላው ቤቱ የገባ ቀን ከበሩ ተነሥቶ ግድግዳ እስኪያላትመው ድረስ ሲበር አዩትና፣ "ይሄ ፍጡር የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም በስሙ እናስገባለት" አሉ። ስሙ ገባ፤ ፍሬኑ ግን አልገባም።

አባት ከሥራ ሲመለሱ በሩ ላይ ይቆሙና በቀኝ እጃቸው ደረታቸውን መታ መታ ያደርጋሉ። ፍሬን ይዘላል፤ የፊት እግሮቹን ትከሻቸው ላይ ሰቅሎ ፊታቸውን ይልሳል። ኮፍያቸው ይወድቃል፣ አባት ይስቃሉ፣ ትንሿ ልጃቸው ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ "ተሳሳሙና ጨርሱ፤ ሰው ይሥራበት!" ትላለች። የቤቱ ሥርዓት ይኸው ነበር።

አንድ ጠዋት አባት ጫማቸውን ሲያስሩ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። ሆስፒታል ገብተው ወራት ከረሙ። አሁን ሊወጡ ነው፤ እግራቸውን እየጎተቱም ቢሆን በከዘራ መራመድ ጀምረዋል። ሐኪሙ አደራ ያለው አንድ ነገር ነው፤ መውደቅ የለባቸውም። አንዴ ከወደቁ መነሣታቸው ያጠራጥራል።

ይህን የሰማች ታላቅ እህት ወገቧን ይዛ መጣች።

"ውሻው ይሄዳል" አለች። "የሰፈራችንን መጋዘን ዘበኛ አነጋግሬዋለሁ። ደስ ብሎት ይወስደዋል።"

"ሰንሰለት ላይ ሊያስረው ነዋ ደስ ያለው" አለች ትንሿ። የሰፈር ስሟ መርፌ ነው፤ ግማሹ ሰው በሙያዋ፣ ግማሹ በምላሷ ምክንያት ነው እንዲህ የሚላት።

"እና አባባ ይሰበሩ?"

"እትዬ፣ እስኪወጡ ድረስ ጊዜ ስጪኝ። አስተምረዋለሁ።"

"አንቺ? ውሻ ማስተማር የት ተምረሽ?"

"ልብስ መስፋትስ የት ተማርኩ?"

መርፌ አሮጌ ቀሚስ እየተረተረች፣ መልሳ እየገጠመች ራሷን በራሷ ማስተማሯን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። "እሺ" አለች ታላቅ እህት። "አባባ በገቡበት ቀን አንዴ ቢዘልባቸው ግን፣ በዚያው ቀን ይሄዳል።"

"ይሁን።"

መርፌ አፏን ሞልታ ተናገረች እንጂ ልቧ አልሞላም። ጉበት ቀቅላ፣ በጥፍር ልክ ቆራርጣ፣ የአዝራር ማስቀመጫ ቆርቆሮዋን አጥባ ሞላችው። ቁራጩን ከፍሬን አፍንጫ በላይ ከፍ ስታደርገው፣ እሱ ቀና ሲል ቂጡ በራሱ መሬት ይነካል፤ ያኔ "ቁጭ!" ትልና ታጎርሰዋለች። ይህን ቶሎ ያዘ፤ ለሆዱ ሲሆን ጎበዝ ተማሪ ነው። መከራው መዝለሉ ነበር። ደንበኛ በሩን በገፋ ቁጥር እንደ ጥይት ይወነጨፋል። መርፌ ጮኸችበት፤ ጨዋታ መሰለውና ባሰበት። ገፈተረችው፤ መገፍተሩንም እንደ መታቀፍ ቆጠረው።

አንድ ቀን የተበላሸ ስፌት ስትተረትር ነገሩ በራላት። ስፌት በጉልበት ከጎተቱት ጨርቁ ይቀደዳል፤ ክሩን አንድ በአንድ ነው የሚያወጡት። ከዚያ ወዲያ ፍሬን ሲዘልባት ጀርባዋን ትሰጠዋለች፤ አትቆጣው፣ አታየው። አራቱም እግሮቹ ወለሉን ሲነኩ ብቻ ዞራ፣ "ጎሽ የኔ ጌታ" እያለች ታጎርሰዋለች። ደንበኞቿንም እንዲሁ ጀርባቸውን እንዲሰጡት አዘዘች።

"ልብስ ላሰፋ መጥቼ ለውሻ ልታዘዝ?" አለች አንዷ።

"ለውሻው አይደለም፤ ለእኔ ነው" አለቻት መርፌ። ሴትዮዋ እያጉረመረመች ዞረች።

ይህ ሲሳካ ከበድ ወዳለው ትምህርት ገባች። የአባቷን ካፖርት ለበሰች፣ ኮፍያቸውን ደፋች፣ መጥረጊያ እንጨት እንደ ከዘራ ይዛ ቀኝ እግሯን እየጎተተች ከውጭ ገባች። የካፖርቱ ሽታ ፍሬንን አሳበደው፤ ዘሎ ከነኮፍያዋ የደጁ ደረጃ ላይ ዘረጋት። ክርኗ ተልጦ፣ እዚያው እንደተቀመጠች፣ "አባባ ቢሆኑ ኖሮስ?" አለችው። ፍሬን ክርኗን ላሰላት። እንባዋ መጣ፤ ያያት ሰው ስለሌለ ግን አለቀሰች ማለት አይቻልም።

ተነሥታ እንደገና ገባች። በማግሥቱም እንደገና። እያደር ፍሬን ካፖርቱን ሲያይ ቂጡን ወለሉ ላይ ጥሎ፣ በጅራቱ ወለሉን እየጠረገ፣ "ሂድ" እስክትለው መጠበቅ ጀመረ። የመርፌ ልብ ቅቤ ጠጣ። አንድ ነገር ግን አላስተማረችውም፤ በካፖርቱ ውስጥ ሆና ደረቷን መታ መታ አላደረገችም። ቀኝ እጃቸው የሞተ ነው፣ ከእንግዲህ ያንን አያደርጉም ብላ ትታው ነበር።

አባት የገቡት በጠራራ ፀሐይ ነው። ከዘራውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ታላቅ እህት በቀኝ ደግፋቸው ደረጃውን ወጡ። በሩ ሲከፈት ፍሬን ተነሣ፤ መላ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ።

"ቁጭ" አለች መርፌ።

ቁጭ አለ። ከጉሮሮው ቀጭን ድምፅ ይወጣል፣ ጅራቱ ወለሉን ይደበድባል፣ ቂጡ ግን ንቅንቅ አላለም። ታላቅ እህት አፏን ከፍታ ቀረች። የአባት ፊት ግን ጠቆረ።

"ረሳኝ እንዴ?" አሉ። ምላሳቸው ትንሽ ይከብዳቸዋል።

"ኧረ አባባ! ጨዋ ሆኖ ነው እንጂ..."

አልሰሟትም። ታላቅ እህት እንድትለቃቸው በአገጫቸው ጠቆሟት። ከዚያ ያ ቀኝ እጅ፣ መርፌ የሞተ ነው ያለችው እጅ፣ ከጎናቸው ተነሣ። እየተንቀጠቀጠ፣ መሐል ላይ እያረፈ፣ ደረታቸው ላይ ደረሰ። መታ አደረጉ። ደግመው መታ አደረጉ።

"እዚያ ስለማመድ የከረምኩት ይሄንን ነው" አሉ። "የሚያለማምደኝ ሰውዬ 'እጅዎን ያንሡ' ሲለኝ፣ ለምን ብዬ አነሣዋለሁ እል ነበር። በኋላ ፍሬን ትዝ አለኝ።"

ፍሬን ከወለሉ ተነሣ። የኋላ እግሮቹን ለዝላይ ሰበሰበ፤ አባትን አየ፣ መርፌን አየ። የታላቅ እህት ዓይንም መርፌ ላይ ነው። ቢዘል ሁሉ ነገር አለቀ። አባቷን "እጅዎን ያውርዱ" ማለት ደግሞ ያን ሁሉ ወር የለፉበትን መንጠቅ ነው።

"ቆይ!" አለች።

ውሻው ባለበት ቀረ። አባትም እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ቀሩ።

"እኔን ነው?" አሉ።

"ሁለታችሁንም።"

የስፌት ወንበሯን ጎትታ ከኋላቸው አቀረበችላቸው። "ይቀመጡ አባባ። እሱ እንኳን ቁጭ ማለት ችሏል፤ እርስዎ ምን ያቅትዎታል?" ሁለቱ ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ይዘው ቀስ ብለው አስቀመጧቸው። መርፌ ከዘራውን ተቀበለች። "አሁን ይጥሩት።"

እጃቸው እንደገና ደረታቸውን መታ መታ አደረገ።

"ሂድ" አለች መርፌ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ፍሬን አልዘለለም። ተራመደ። አንድ እግሩን ጉልበታቸው ላይ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ሞልቶ የሚፈስ ብርጭቆ እንደሚያስቀምጥ ሰው አኖረና አፍንጫውን አንገታቸው ሥር ቀበረ። ኮፍያቸው ወደቀ። አባት ሳቁ፤ በግማሽ አፋቸው ነው፣ ሳቁ ግን ያው የድሮው ሳቅ ነው።

ታላቅ እህት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠራርጋ ስልኳን አወጣች። "ሄሎ፣ ስለዚያ ውሻ ነበር... አይ፣ አይመጣም። እዚህ ሥራ አለው።"

መርፌ ቆርቆሮዋን ከፍታ ለፍሬን ጉበቱን ሰጠችው። "ነገም ትምህርት አለ" አለች፤ የምታየው ግን አባቷን ነው። "መጀመሪያ ቁጭ፣ ከዚያ ደረት። ቆመው መጥራት ቀርቷል።"

"እሱስ ጉበቱን በላ" አሉ አባት ጣታቸውን ከፍሬን ጆሮ ሥር ሳያነሡ። "የእኔስ?"

መርፌ ኮፍያውን ከወለሉ አንሥታ አራገፈችና ጭንቅላታቸው ላይ ደፋችላቸው። "እርስዎማ" አለች፣ "ገና ዛሬ መመዝገብዎ ነው።"